የተነገረኝን ልመን ወይስ የተጻፈውን?

(በሬዲዮ የተላለፈ ትምህርት፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)



ባለፈው ፕሮግራማችን ማብቂያ ላይ አንዲት እህት ስልክ ደወለች። የምትኖረው እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ስሟን አልናገርም፤ ጉዳዩን ግን እንዳነሳው ፈቅዳልኛለች። ባለቤቷ ሥራ ካቆመ ስምንት ወር ሆኖታል። ሁለት ልጆች አሏቸው። የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የዘይቱ ዋጋ… ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ትኖሩታላችሁ። በዚህ ጭንቀቷ መሃል ጎረቤቷ "ነይ፣ አንድ የእግዚአብሔር ሰው አለ" ብላ ወሰደቻት። ሰውየው ከሕዝቡ መሃል ለይቶ አስነሳት። የእናቷን ስም ጠራላት። የምትኖርበትን የብሎክ ቁጥር ነገራት። ቀጥሎ ምን አላት? "ባልሽ የበረከትሽ መዝጊያ ነው። ጌታ ተለዪው ይልሻል። በሦስት ወር ውስጥ በር ይከፈትልሻል።"

እህታችን እያለቀሰች የጠየቀችኝ ይህን ነው፦ "ፓስተር፣ መጽሐፍ ቅዱስ ባልሽን ፍቺ እንደማይል አላጣሁትም። ግን የእናቴን ስም በትክክል ነገረኝ እኮ! እዚያ ቦታ እናቴን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ታዲያ የተነገረኝን ልመን ወይስ የተጻፈውን?"

የቀረን ሁለት ደቂቃ ነበር። አጭር መልስ ሰጠኋት፤ ጸለይኩላት፤ ፕሮግራሙ አለቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምክንያቱም ጥያቄው የእርሷ ብቻ አይደለም። ከጀሞ እስከ መካኒሳ፣ ከለቡ እስከ ጎፋ፣ ከሃና ማርያም እስከ ሳር ቤት፣ በየቤቱ ያለ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ በአፉ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ሳይጠይቅ በተነገረው ቃል ትዳሩን ያፈርሳል፣ መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ ቤቱን ይሸጣል። ስለዚህ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጥቅሶችን በቁማቸው አልጻፍኩም። ምዕራፍና ቁጥሩን ብቻ ሰጥቻችኋለሁ። ረስቼው አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው። እኔ የነገርኳችሁን ተቀብላችሁ እንድትሄዱ አልፈልግም። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን አምጡና አጠገባችሁ አስቀምጡ። ስልካችሁ ላይ ያለውም ይሁን፤ ብቻ ክፈቱት።

መጽሐፉ ከማን አፍ ወጣ?

2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥14-17ን አውጡ። ጳውሎስ ይህን መልእክት ሲጽፍ እስር ቤት ነው፤ ሞቱም እንደቀረበ ያውቃል። ለልጁ ለጢሞቴዎስ ምን ያወርሰዋል? ከልጅነቱ ጀምሮ ወደሚያውቃቸው መጻሕፍት ይመልሰዋል። ቁጥር 16 ላይ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት የተጠቀመበት የግሪክ ቃል "ቴኦፕኔውስቶስ" ይባላል። የሁለት ቃላት ጥምር ነው፤ አንዱ እግዚአብሔር፣ ሌላው መተንፈስ። እግዚአብሔር የተነፈሰው ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ ሰዎች ጽፈው ከጨረሱ በኋላ እግዚአብሔር እፍ አለበት ማለት አይደለም። ከእርሱ ወጣ ማለት ነው። እስቲ እጃችሁን ወደ አፋችሁ አስጠጉና "ሃሌሉያ" በሉ። ትንፋሻችሁ እጃችሁ ላይ ተሰማችሁ አይደል? ቃል ያለ ትንፋሽ አይወጣም። ቃሌን ከትንፋሼ መለየት እንደማትችሉ ሁሉ፣ የተጻፈውን ቃልም ከእግዚአብሔር እስትንፋስ መለየት አትችሉም። መጽሐፍ ቅዱስ ሥልጣን ያለው ቤተ ክርስቲያን ስለመረጠችው፣ ፓስተር ስለሰበከው፣ ወይም እኔ ሳነበው ስለሞቀኝ አይደለም። የተናገረው እርሱ ስለሆነ ነው።

"ሰው ነው እኮ የጻፈው!" የሚል ወጣት ዛሬ በየታክሲው አለ። ልክ ነህ ወንድሜ፤ ሰው ነው የጻፈው። አሞጽ ከበግ ጠባቂዎች መካከል ነበር፤ ስለዚህ ስለ አንበሳና ስለ መንጋ ሲናገር እረኛነቱ ይታወቅበታል። ሉቃስ ነገሩን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ መርምሮ እንደጻፈ ራሱ ይነግረናል፤ ሉቃስ 1፥1-4። ጳውሎስ በርዶት ካባውንና መጻሕፍቱን እንዲያመጡለት ይለምናል፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥13። እግዚአብሔር ሰዎቹን እንደ ታይፕ መሣሪያ አልተጠቀመባቸውም።

ታዲያ እንዴት ሆነ? 2ኛ ጴጥሮስ 1፥20-21ን አንብቡ። ጴጥሮስ ሰዎቹ በመንፈስ ቅዱስ እንደተነዱ ይናገራል። በግሪኩ ያ ግስ ሐዋርያት ሥራ 27፥15 እና 17 ላይም ይገኛል፤ እዚያ የሚናገረው በነፋስ ስለተነዳች መርከብ ነው። መርከበኞቹ አልተኙም፤ ገመድ ይጎትታሉ፣ ይሠራሉ፣ ያስባሉ። የምትሄድበትን የሚወስነው ግን ነፋሱ ነው። ጸሐፊዎቹም እንዲሁ። ብዕሩ የእነርሱ፣ ቋንቋው የእነርሱ፣ እንባውም የእነርሱ ነው። ቃሉ ግን የእግዚአብሔር ነው።

ከሰማይ ድምፅ የሰማው እንኳ

አሁን ወደ እህታችን ጥያቄ እንምጣ። የተነገረና የተጻፈ ሲጋጩ የቱ ይበልጣል?

ማቴዎስ ምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ ጌታችን ኢየሱስ ሲጠመቅ ሰማይ ተከፈተ፤ አብ ልጅነቱን በድምፅ መሰከረለት። ወዲያው ምዕራፍ 4 ላይ ዲያብሎስ መጣና ያንኑ ልጅነቱን ተፈታተነው። እኔ ብሆን ምን እላለሁ? "ዝም በል! ገና ትናንት ከሰማይ ድምፅ ሰምቻለሁ!" እል ነበር። ጌታ ግን ሦስት ጊዜ ተፈተነ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከተጻፈው መለሰ። ሦስቱም መልሶች ከኦሪት ዘዳግም ናቸው፤ ከምዕራፍ 6 እና 8። የእግዚአብሔር ልጅ፣ ያውም የሰማይ ድምፅ በጆሮው ገና ሳይጠፋ፣ የቆመው በተጻፈው ላይ ነው። ደግሞ ዲያብሎስም ጥቅስ መጥቀሱን አትርሱ፤ መዝሙር 91ን ቆርጦ አመጣ። ስለዚህ ጥቅስ የጠራ ሁሉ ቃሉን ይዟል ማለት አይደለም። ጌታ አንዱን ጥቅስ በሌላው አቀና።

ጴጥሮስም እንዲሁ ነው። 2ኛ ጴጥሮስ 1፥16-19ን ተመልከቱ። በተራራው ላይ ክብሩን በዓይኑ አይቷል፤ ድምፁን በጆሮው ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ግን አንባቢዎቹን "የእኔን ራእይ ያዙ" አላላቸውም። በጨለማ ስፍራ እንደሚበራ መብራት አድርገው ትንቢታዊውን ቃል እንዲጠነቀቁለት መከራቸው። ሐዋርያው የራሱን ልምምድ ከተጻፈው ቃል በታች ካስቀመጠ፣ የዘመናችን ነቢይ የራሱን ቃል ከየት አምጥቶ በላይ ያስቀምጠዋል?

"ግን የእናቴን ስም ነገረኝ"

እህቴ ሆይ፣ የልብሽ ጥያቄ እዚህ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። "ልክ ነበረ እኮ" ነው የምትይው። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጥያቄሽን አስቀድሞ መልሶታል።

ዘዳግም 13፥1-5ን አንብቢ። ሙሴ የሚናገረው ምልክቱ ስላልተፈጸመለት ነቢይ አይደለም፤ ምልክቱ ስለተፈጸመለት ነው። ምልክቱ ቢሆንም እንኳ፣ ከአምላካቸው የሚያርቃቸውን ቃል እንዳይሰሙ ነው ሕዝቡን ያዘዘው። እንዲያውም እግዚአብሔር በዚህ ይፈትናችኋል አላቸው።

ሐዋርያት ሥራ 16፥16-18 ደግሞ አለ። በፊልጵስዩስ አንዲት የምዋርት መንፈስ ያደረባት ልጅ ጳውሎስን እየተከተለች ትጮህ ነበር። የምትናገረው ውሸት አልነበረም፤ እነ ጳውሎስ የልዑል አምላክ ባሪያዎች መሆናቸውን ነበር የምትናገረው። ትክክል ተናግራለች! ጳውሎስ ግን "አሜን" አላለም፤ መንፈሱን ገሠጸው። ትክክለኛ መረጃ ከትክክለኛ ምንጭ ለመምጣቱ ማስረጃ አይደለም።

በአገራችን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። አያቶቻችን ወደ ጠንቋይ ቤት የሚሄዱት ጠንቋዩ ምንም ስለማያውቅ ነበር? ስማቸውን፣ የጠፋባቸውን ከብት፣ የጎረቤታቸውን ጠብ ስለሚነግራቸው አይደል? ዛሬ ደግሞ ስልክ አለ፤ ፌስቡክ አለ፤ ያመጣችሽ ጎረቤትም አፍ አላት። ሰውየው ከየት እንዳወቀ እኔ አላውቅም፤ አልፈርድበትምም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ የእናትሽን ስም ማወቅና የእግዚአብሔርን ፈቃድ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ትዳርሽ የእግዚአብሔር ፈቃድ ማርቆስ 10፥6-9 እና 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥10-11 ላይ ተጽፏል። የትኛውም የብሎክ ቁጥር ያንን አይሽረውም።

(ይህን ስል በቤቷ የምትደበደብ እህት ዝም ብላ ትመታ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ራስሽንና ልጆችሽን አድኚ፤ ለሽማግሌዎችና ለሕግ ተናገሪ። የእህታችን ጉዳይ ግን ይህ አይደለም። ባሏ ኃጢአቱ ሥራ ማጣቱ ብቻ ነው።)

አሁንም 1ኛ ነገሥት 13ን ሙሉውን አንብቡ፤ ስታነቡት ትደነግጣላችሁ። ከይሁዳ የመጣ የእግዚአብሔር ሰው ነበር። በዚያ ምድር እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃ እንዳይጠጣ፣ በመጣበት መንገድ እንዳይመለስ ከእግዚአብሔር ታዟል። ንጉሥ ቢጋብዘው እንቢ አለ። በኋላ ግን አንድ ሽማግሌ ነቢይ መጣና "እኔም እንዳንተ ነቢይ ነኝ፤ መልአክ ተናግሮኛል" ብሎ ዋሸው። ንጉሡን እንቢ ያለው ሰው ለነቢዩ እሺ አለ። ሄደ፤ በላ፤ ጠጣ፤ በመንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። አንበሳው ያገኘው ዋሹን ሳይሆን የታለለውን ነው። ወገኖቼ፣ "ነቢዩ ነው ያሳሳተኝ" ማለት ከአንበሳ አያድንም።

ትንቢትን አንንቅም፤ እንመዝናለን

አንዳንዶቻችሁ "ይህ ፓስተር ጴንጤቆስጤነቱን ተወ እንዴ?" ትሉ ይሆናል። አልተውኩም። በልሳን እጸልያለሁ። ለበሽተኛ እጄን እጭናለሁ። መንፈስ ቅዱስ ዛሬም ይናገራል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥19-21 ትንቢትን አትናቁ ብሎ አያቆምም፤ ቀጥሎ ሁሉን መርምሩ ይላል። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ነቢያት ሲናገሩ ሌሎቹ እንዲለዩ ያዛል። ትንቢት የሚመዘን ነገር ከሆነ፣ ሚዛኑ ሌላ መሆን አለበት። ጤፍ በራሱ አይመዘንም፤ ሚዛን ላይ ይወጣል እንጂ።

እዚህ ላይ በመካከላችን የተለመደ አንድ ትምህርት ላቅና። "ሎጎስ የተጻፈው አጠቃላይ ቃል ነው፤ ሬማ ግን ዛሬ ለአንተ የሚነገር ሕያው ቃል ነው" ሲባል ሰምታችኋል። ስብከቱ ይጥማል። ግን 1ኛ ጴጥሮስ 1፥23-25ን በግሪኩ ብታዩ፣ ቁጥር 23 ላይ ሎጎስ ይላል፤ ቁጥር 25 ላይ ሬማ ይላል፤ የሚናገረውም ስለዚያው ሕያው ቃል ነው፤ ያም ቃል የተሰበከላቸው ወንጌል መሆኑን ጴጥሮስ ራሱ ይናገራል። የተጻፈው "ተራ"፣ የተነገረው "ሕያው" የሚል ክፍፍል ሐዋርያቱ አያውቁትም።

"ፊደል ይገድላል" የሚለውም እንዲሁ ያለ ቦታው ይጠቀሳል። 2ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3ን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡ። ጳውሎስ የሚያወራው በድንጋይ ላይ ስለተቀረጸውና ኃጢአተኛን ስለሚኮንነው የሕግ አገልግሎት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ማጥናት ይገድላል አላለም። ቢልማ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ራሱ ለምን ይጽፋል?

ደግሞ ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ አልቀስርም። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ፣ አገልግሎት ስጀምር፣ አንድ ጋራዥ የሚሠራ ወጣት ስለ ዲቪ እንድጸልይለት መጣ። ልቤ ለእርሱ ራራ። እየጸለይኩ ሳለ "ጌታ ትሄዳለህ ይልሃል" አልኩት። ጌታ አላለም ነበር፤ እኔ ነኝ ያልኩት። ልጁ ሥራውን ለቀቀ፤ ዕቃውን ሸጠ፤ ጠበቀ። አልደረሰውም። በዓመቱ ሳገኘው ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቁሞ ነበር። "ፓስተር፣ እግዚአብሔር ዋሸኝ" አለኝ። እግዚአብሔር አልዋሸውም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዘዳግም 18፥20ን ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልንቀጠቀጥ አላነበውም። ከራሴ ምኞት ላይ የጌታን ማኅተም መትቼበት ነበር።

ይህ መጽሐፍ በስንት ዋጋ ደረሰን?

ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሲደርስ ስልክ ቁጥሩን ወይም የእናቱን ስም አልነገረውም። ከዚያው ከሚያነበው መጽሐፍ ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት። የእኛ ታሪክ በተከፈተ መጽሐፍ ነው የሚጀምረው።

በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የግዕዝ ወንጌላት ብራናዎች በዓለም ከሚገኙት እጅግ ጥንታዊ የወንጌል መጻሕፍት መካከል ናቸው። በእጅ የጻፏቸው፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ጠብቀው ያቆዩአቸው አባቶች ናቸው። መጽሐፉ ወደ አማርኛ የመጣው ደግሞ ከጎጃም ወጥቶ ካይሮ በደረሰው በአቡ ሩሚ እጅ ነው። 10 ዓመት ያህል ተቀምጦ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ተረጎመ፤ የእጅ ጽሑፉ ከ9,500 ገጽ በላይ ነበር። በወረርሽኝ ሞተ፤ ሥራው ሲታተም አላየም። በአውሮፓ አቆጣጠር ወንጌላቱ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 ወጣ። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በ1899 በኦሮምኛ አደረሰ። ብዙዎቻችን ዛሬም የምናነበው በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ትርጉም በዚህ ሁሉ ድካም ላይ የተሠራ ነው።

በዚህችው ከተማ ከየካቲት 1955 ዓ.ም. ጀምሮ ወንጌልን በአየር ሞገድ ያሰማ የነበረውን ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ደርግ መጋቢት 1969 ዓ.ም. ወረሰው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷን በጨርቅ ጠቅልላ ጤፍ ጎታ ውስጥ ትቀብረው ነበር። ማታ በር ከተቆለፈ በኋላ ታወጣዋለች፤ ዱቄቱን ታራግፋለች፤ በኩራዝ ታነብልናለች። ዛሬም ያ መጽሐፍ እኔ ጋ አለ፤ ስከፍተው ከገጾቹ መሃል የጤፍ ፍሬ ይወድቃል። ንጉሥ ዮአቄም የኤርምያስን ጥቅልል በካራ እየቆረጠ አቃጠለው፤ ባሮክ ግን እንደገና ጻፈው፤ ኤርምያስ 36። ቃሉን ያቃጠሉ ሁሉ አለፉ።

እናቴ ለእስር የሚዳርጋትን መጽሐፍ ታነብ ነበር። እኛ በነጻነት በኪሳችን ይዘነው እንዞራለን፤ አንከፍተውም፤ "ቃል አለህ ወይ?" እያልን ከአዳራሽ አዳራሽ እንንከራተታለን። ቃል እኮ አለን!

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የተነገራችሁን ቃል ሁሉ ጻፉት። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍታችሁ አስተያዩት። የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን እንኳ በየቀኑ መርምረዋል፤ ሐዋርያት ሥራ 17፥11። መጽሐፉም ስለዚህ አመሰገናቸው እንጂ አልወቀሳቸውም። "ለምን መረመርከኝ?" የሚል አገልጋይ ከገጠማችሁ ከጳውሎስ የሚበልጥ መስሎት ነውና ተጠንቀቁ።

ሁለተኛ፣ ጥቅስ ለብቻው አታንብቡ። ከፍ ብላችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ አንብቡ። በቀን አንድ ምዕራፍ ይበቃል፤ ጀሞ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆማችሁ የምታነቡት ይሆናል። ማንበብ ለማይችሉ እናቶቻችን ልጆቻቸው ያንብቡላቸው።

ሦስተኛ፣ የሚያስቸኩል ቃል ሲመጣባችሁ ቆም በሉ። ትዳርን፣ ቤትን፣ መድኃኒትን የሚነካ ቃል ሲሆን ለሽማግሌዎች ሳታሳዩ አንድ እርምጃ አትሂዱ። ከእግዚአብሔር የሆነ ቃል በብርሃን ቢመረመር አይፈራም።

እህቴ ሆይ

መልስሽን እስካሁን አልሰማሁም። ይህ ወረቀት በአንድ ሰው እጅ ወደ ቤትሽ ይደርስ ይሆናል። ሦስቱ ወር ገና አላለቀም። እኔ በር እንደሚከፈት ቀን ቆርጬ አልነግርሽም፤ ያን ስህተት አንድ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። የምነግርሽ የተጻፈውን ነው። ባልሽ መዝጊያ አይደለም፤ ከአንቺ ጋር አንድ ሥጋ ነው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከእርሱ ጋር ቁጭ በዪ። መዝሙር 37ን አንብቡ፤ አንዱን ቁጥር አንቺ፣ አንዱን ቁጥር እርሱ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ። እሑድ ደግሞ ሁለታችሁም ወደ ቤተ ክርስቲያን ኑ፤ ሥራ የሚያፈላልጉ፣ ለልጆቹ ክፍያ የሚያዋጡ ወንድሞች አሉን። እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ በር የሚከፍተው በእንዲህ ያለ እጅ ነው።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ ቃልህን በሰው ቋንቋ ስለሰጠኸን እናመሰግንሃለን። ለእኛ እንዲደርስ ስለደከሙ፣ ስለታሰሩ፣ ስለሞቱ ሁሉ እናመሰግንሃለን። አንተ ያላልከውን በስምህ የተናገርን አገልጋዮች ይቅር በለን። የታለሉትን መልስ። የደፈረሱ ቤቶችን አጥራ። ከሰው አፍ ይልቅ የአንተን አፍ የምንፈልግ ሕዝብ አድርገን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ወገኖቼ፣ አሁን ይህን ወረቀት አስቀምጡትና መጽሐፉን ክፈቱ። ጌታ ይባርካችሁ።